የአትክልት ካርቶኑን በኦቨን፦ ድንቹ የማይጠጥር፣ ትሪው ውሃ የማይቋጥር አሠራር

"ድንቹ ለምን አልበስል አለኝ?" የአትክልት ካርቶን በተከፋፈልን ቁጥር የምጠየቀው ይሄንን ነው። ቀጥሎ "ትሪው ለምን ውሃ ቋጠረ?" ይመጣል። ደረጃ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ስልክ ላይ አንዱን ነገር ደጋግሞ ከማስረዳት አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ረጅም ጽሑፍ ለሚሰለቸው፦ ድንቹን ቀድማችሁ ቀቅሉ፣ የአትክልቱን ውሃ ቀድማችሁ አውጡ። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ካርቶን ስል የብሎኩ ሰው ብር አዋጥቶ በጅምላ የሚያስመጣውን፣ ከዚያ ግራውንድ ላይ በሚዛን የምንካፈለውን የሳምንት አትክልት ማለቴ ነው። እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም እንዲህ ነው የምናደርገው፤ እናንተ ከእሁድ ገበያ በጋራ ብትገዙም ያው ነው። ጥቅሙ ዋጋው ነው። ጣጣው ደግሞ መርጦ አለመግዛት ነው። አንድ ሳምንት ጥቅል ጎመን ቤቱን ይሞላዋል፣ ሌላ ሳምንት ዝኩኒ በዝኩኒ እንሆናለን። ድንችና ካሮት ግን አይጠፉም። ስለዚህ ድንቹን መሠረት አድርጋችሁ፣ መሃሉን በደረሳችሁ አትክልት ሞልታችሁ፣ ከላይ ነጭ ሶስ አልብሳችሁ ኦቨን ማስገባት ነው። ላዛኛ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ አትቸገሩም፤ እዚህ በፓስታው ቦታ ድንች ይገባል፣ በቃ።

ድንቹ ለምን እንደማይበስል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ይሄ ከኦቨን ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ ድንች አብዛኛው ውሃ ነው። ኦቨኑን 200 ላይ ብታደርጉትም ትሪው ውስጥ እርጥበት እስካለ ድረስ የድንቹ መሃል ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። እናም ከላይ ፎርማጆው ይጠቁራል፣ ከታች ድንቹ ቀጭ ቀጭ ይላል። በየቦታው የምታገኟቸው አሠራሮች አብዛኞቹ የተጻፉት ዝቅ ባለ አገር ለሚኖር ሰው ነው፤ "ጥሬ ድንች ስስ አድርጎ ከትፎ 1 ሰዓት መጋገር" የሚሉት እዚህ በተባለው ሰዓት አይደርስም።

ሌላም ነገር አለ። ቲማቲምና ሎሚ ድንች ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋሉ፤ አሲድ ስለሆኑ። ጥሬ ድንች ላይ የቲማቲም ሶስ ገልብጦ ኦቨን ማስገባት ማለት ችግሩን በእጥፍ መጨመር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይሄ ለ6 ሰው የሚበቃ ነው። ትሪው 30 በ20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ይሁን፤ ፒሬክስም ብረትም ይሆናል።

- ድንች 1 ኪሎ
- ካሮት 3 መካከለኛ
- ከካርቶኑ የተገኘ ሌላ አትክልት በድምሩ 1 ኪሎ ገደማ (ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዝኩኒ፣ ደበርጃን፣ ፎሶሊያ፣ የአበባ ጎመን፣ የደረሳችሁ)
- ቀይ ሽንኩርት 2 ትልልቅ፤ ካርቶኑ ውስጥ ባሮ ካለ አንዱን በባሮ ተኩት
- ነጭ ሽንኩርት 4 ፍሬ
- ቲማቲም 4
- ወተት ግማሽ ሊትር፣ ማለትም አንድ ከረጢት
- የገበታ ቅቤ 50 ግራም
- ፉርኖ ዱቄት 50 ግራም፣ ሞላ ያለ 4 የሾርባ ማንኪያ
- ፎርማጆ 150 ግራም፣ የተፈቀፈቀ
- ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠል፤ ገውዝ ካላችሁ አንድ ቁንጥር

ከዕቃ ደግሞ ትልቅ ድስት፣ ሰፊ መጥበሻ፣ የፓስታ ማጥለያ፣ የእንቁላል መምቻ፣ ፎይልና ሁለት ደረቅ ጨርቅ። ደረቅ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እርጥብ ጨርቅ የትሪውን ሙቀት በአንዴ ወደ እጃችሁ ያስተላልፋል፣ ትሪውን የምትለቁት ያኔ ነው።

ኦቨኑን ከመለኮሳችሁ በፊት

የኤሌክትሪክ ኦቨን ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ 2,000 ዋትና ከዚያ በላይ የሚበላ ብዙ ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አታብሩ። ብሬከሩ ቢወርድ ዕድለኛ ናችሁ፤ ካልወረደ ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው የሚግለው። ኦቨን በኤክስቴንሽን አይሰካም፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ነው። ስፒናው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ አጥፉና ኤሌክትሪሻን አሳዩት።

የጋዝ ከሆነ ክብሪቱን ለኩሳችሁ ነው ጋዙን የምትከፍቱት። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ጋዙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል።

አሠራሩ

1. ካርቶኑን ለዩ። ቶሎ የሚጠወልገው ቅጠል ዛሬ ትሪው ውስጥ ይገባል፤ ጥቅል ጎመንና ካሮት ቢቆዩም ችግር የለም። ድንቹን አንድ በአንድ እዩት። አረንጓዴ የሆነውን ቦታ አጥልቃችሁ ቁረጡና ጣሉ፣ ብዙው አረንጓዴ ከሆነ ድንቹን በሙሉ ጣሉት። ያ ብርሃን ያገኘው ድንች መራራ መርዝ ያበጃል፣ ሲቀቀልም አይጠፋም። በጅምላ የመጣ ድንች ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ ሊሆን ስለሚችል ይሄንን አትዝለሉት።

2. እጠቡ፣ ግን ዛሬ የምትሠሩትን ብቻ። የሚቀመጠው ድንችና ሽንኩርት ከታጠበ ቶሎ ይበሰብሳል። ውሃ በፈረቃ ለሆነባችሁ የቧንቧ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። በሁለት ሳፋ ይሆናል። ቆስጣውን የመጀመሪያው ውስጥ ነክራችሁ አወዛውዙና ከላይ አንሱት፤ ውሃውን ከነቅጠሉ ማጥለያ ላይ ከገለበጣችሁት የወረደው አፈር ተመልሶ ይሰፍርበታል። ባሮን ለሁለት ሰንጥቃችሁ በየንጣፉ መሃል እጠቡ፣ አሸዋው የሚደበቀው እዚያ ነው። በአቼቶ መዘፍዘፉ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ይቆይ። ይሄኛው ይበስላል።

3. ድንቹን ልጣችሁ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። እኩል ይሁን። አንዱ ስስ አንዱ ወፍራም ከሆነ አንዱ ፈርሶ አንዱ ይጠጥራል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ጣዱት። ከፈላ ውሃ ጀምራችሁ ከጨመራችሁት ዳሩ ሲፈርስ መሃሉ ገና ይሆናል። ካሮቱንም በዚያው ውፍረት ቆርጣችሁ አብራችሁ ክተቱት። ውሃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይወስዳል። የቢላ ጫፍ ሳይታገል ዘልቆ ሲገባ፣ ድንቹ ግን ሳይሰነጠቅ ሲቀር ደርሷል። ስታጠሉት ከውሃው ሁለት ብርጭቆ ያህል አስቀሩ፤ ሶሱ ቢወፍርባችሁ ማቅጠኛ ይሆናል፣ ለጾሙ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ድንቹን ማጥለያው ላይ 5 ደቂቃ ተዉት። እንፋሎቱ ይውጣለት።

4. የአትክልቱን ውሃ አውጡ። ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ ትሪውን ሾርባ የሚያደርገውም ይሄ ነው። አትክልቱ እንደየጠባዩ ነው የሚያዘው።

ዝኩኒና ደበርጃን ክብ ክብ ተቆርጠው ጨው ይነሰነስባቸውና ማጥለያ ላይ 20 ደቂቃ ይቀመጡ። ጨው ውሃውን ይስበዋል። ከዚያ በጨርቅ አድርቃችሁ በሞቀ መጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት ሁለቱንም ጎን ቀላ አድርጉ። መጥበሻውን አታጨናንቁት፣ ከተደራረቡ ይቀቀላሉ እንጂ አይጠበሱም።

ቆስጣውን መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ጣሉት። በታጠበበት እርጥበት ብቻ ይጠወልጋል። ሲበርድላችሁ በሁለት መዳፋችሁ መሃል አድርጋችሁ ጭመቁት። አረንጓዴው ውሃ በጣታችሁ መሃል ይወርዳል፣ መጥበሻውን አልፎ የነበረው አንድ ትልቅ እስር እንቁላል የምታህል ድብልብል ሆና እጃችሁ ላይ ትቀራለች። አይገርማችሁ። ያ ሁሉ ትሪው ውስጥ ሊወርድ የነበረ ውሃ ነው። ከዚያ በቢላ ከተፍ ከተፍ አድርጋችሁ በትኑት፣ እንደተጨመቀ ከገባ አንድ ቦታ ተቋጥሮ ይቀራል።

ጥቅል ጎመን ስስ ተደርጎ ተከትፎ በዘይት ከፍ ባለ እሳት 8 ደቂቃ ያህል ይጠበሳል። ክዳን አይደረግበትም። ዳር ዳሩ ቀላ ሲል ጣፋጭ ይሆናል፣ በጥሬው ከገባ ግን ያ የጎመን ሽታው ቤቱን ይይዘዋል።

ፎሶሊያና የአበባ ጎመን በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ዱባ ከደረሳችሁ መቀቀል የለበትም፣ በመጥበሻ ይጠበስ። ቀይ ሥር እዚህ ውስጥ አይግባ። ትሪውን በሙሉ ያቀላዋል፣ ከሌላው ጋር እኩልም አይበስልም። ለብቻው ቀቅላችሁ ከጎን አቅርቡት።

5. ሽንኩርቱን አቁላሉ። ለወጥ እንደምታደርጉት ያለ ዘይት ረጅም ሰዓት አይደለም። በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለስልሶ ቀላ እስኪል ብቻ። ነጭ ሽንኩርቱን ከመጨረሻው አንድ ደቂቃ በፊት ጨምሩ፣ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል። ቲማቲሙን ከትፋችሁ አስገቡና መጥበሻውን በማንኪያ ስትጠርጉት መንገድ ሠርቶ እስኪቆይ ድረስ አድርቁት። ከመቂም ይምጣ ከባቱ ቲማቲም ቲማቲም ነው፣ ውሃው ካልተነነ ሁሉን ያበላሻል። አሁን ከደረጃ 4 ያገኛችሁትን ሁሉ ቀላቅሉበት፣ የጥብስ ቅጠልና ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ፣ ቅመሱ። ዝኩኒው ጨው ጠጥቷል፣ ፎርማጆውም ጨው አለበት። ስለዚህ ትንሽ ቀለል ያለ ይሁን።

6. ነጭ ሶሱ። ቅቤውን በዝግታ እሳት አቅልጡ፣ ዱቄቱን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አማስሉ። ቀለም እንዳይዝ። ሁለቱ ደቂቃ የጥሬ ዱቄት ጣዕሙን ለማጥፋት ነው። ወተቱን ለብ አድርጋችሁ በመጀመሪያ ግማሽ ሲኒ ብቻ ጨምሩና በእንቁላል መምቻው ምቱት፣ ሲዋሃድ ሌላ ግማሽ ሲኒ፣ ከዚያ ቀሪውን። በአንዴ ከገለበጣችሁት ይጓጉላል። ከጓጎለባችሁም አትደናገጡ፣ በወንፊት አሳልፉት፣ ማንም አያውቅባችሁም። ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባው ላይ በጣት ስታሰምሩ መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። ጨውና ገውዙን ጨምራችሁ አውጡት። ወተቱ በከረጢት ያልታሸገ፣ ከላም ባለቤት የተገዛ ከሆነ አስቀድማችሁ አፍሉት።

7. ደርድሩ። ትሪውን ቅባት ቀቡ። የድንቹንና የካሮቱን ግማሽ ጠርዝ ለጠርዝ እያደራረባችሁ አንጥፉ። አትክልቱን በሙሉ ከላይ አልብሱ። ከሶሱ ሲሶውን አፍስሱ። ቀሪውን ድንች ደርድሩ፣ ቀሪውን ሶስ ጨርሱ። ሶሱ እስከ ዳር ይድረስ፣ ያልተሸፈነ የድንች ጠርዝ ይደርቃል። ከትሪው አፍ በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ይቅር። ሲፈላ ገንፍሎ ኦቨኑ ወለል ላይ ካረረ ምግቡ ጭስ ጭስ ይሸታል።

8. ጋግሩ። ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ አስቀድማችሁ አሙቁት። ትሪውን በፎይል ሸፍናችሁ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ 20 ደቂቃ። ፎይሉ መሃሉ ሳይሞቅ ላዩ እንዳይጠቁር ነው። ከዚያ ፎይሉን አንሱ፣ ፎርማጆውን አሁን በትኑበት፣ ሌላ 20 ደቂቃ። ፎርማጆው ከመጀመሪያው ከገባ ፎይሉ ላይ ተጣብቆ ይቀርባችኋል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋ ትንሿ ኦቨን ከሆነች ማሞቂያ ሽቦዋ ለምግቡ ቅርብ ስለሆነ 180 ላይ አድርጉ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስገቡ፣ አጋማሽ ላይ ትሪውን አዙሩት። እነዚህ ኦቨኖች አንዱ ጎናቸው ሁልጊዜ ይበረታል።

ዳር ዳሩ ሲንተከተክ፣ ላዩ ቀላ ሲል አውጡ። ፒሬክስ ከሆነ ደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ ነው የሚቀመጠው። እርጥብ ሲንክ ወይም ሴራሚክ ላይ ካሳረፋችሁት ሊፈነዳ ይችላል።

9. 15 ደቂቃ አትንኩት። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይጩኹ። ሶሱ የሚረጋው ያኔ ነው። ቶሎ ከተቆረጠ ሳህን ላይ ይፈሳል፣ "ውሃ ቋጠረ" ከሚሉኝም ግማሹ ይሄንን ያልጠበቁ ናቸው።

ጾም ሲሆን

ቅቤውን በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተኩት። ወተቱን ደግሞ ባስቀራችሁት የድንች መቀቀያ ውሃ። ስታርች ስላለበት ጥሩ አድርጎ ያወፍራል። ጨው ስላለበት ግን ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ። አንድ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይቱ ላይ ቀድማችሁ ጣል አድርጉበት፣ አለዚያ ሶሱ ጣዕም ያንሰዋል። በፎርማጆው ፋንታ የደረቀ ዳቦ ፈርፍሩና በዘይትና በጥብስ ቅጠል አሹት፣ ፎይሉ ሲነሳ ይበተናል። በማርጋሪን ለመሥራት ካሰባችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። ወተት ያለበት አለ።

ኦቨን ከሌለ፣ ወይም መብራት ከሄደ

ወፍራም ቂጥ ያለው ድስት ውስጥ በዚሁ ቅደም ተከተል ደርድራችሁ፣ ከድናችሁ፣ በዝግታ እሳት 25 ደቂቃ። ላዩ አይቀላም፤ የዳቦ ፍርፋሪ ለብቻው በመጥበሻ አቅልታችሁ ስታቀርቡ ነስንሱበት። ምጣድ ላይም ይሆናል፣ ትሪውን አስቀምጦ በአክምባሎ መክደን ነው። እዚያ ላይ ግን የብረት ትሪ ብቻ። ፒሬክስ ምጣድ ላይ አይጣድም።

መጋገር ላይ እያለ መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ሙቀት ብዙ ሥራ ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ቀድሞ የበሰለ ስለሆነም የሚቀረው መዋሃዱ ብቻ ነው። ቢበዛ ላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ነገር ግን፦ ልጨርሰው ብላችሁ የከሰል ምድጃ ዝግ ቤት ውስጥ አታስገቡ። የቀላ ከሰል ጭስ የለውም እንጂ የሚገድለው ጋዝ አለው፣ አይሸትም። በረንዳ ላይ ይሁን፣ የበረንዳው በርም ወደ ቤት ይዘጋ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- አይብ ከላይ መነስነስ። የእኛ አይብ አይቀልጥም፣ ይደርቃል። ካላችሁ ከአንድ እንቁላልና ከትንሽ ወተት ጋር ለውሳችሁ መሃል ንጣፉ ላይ አድርጉት፣ እዚያ ያምርበታል።
- ድንቹን ቆርጦ እስከ ማታ ደረቅ ሳህን ላይ መተው። ይጠቁራል። የግድ ከሆነ ውሃ ውስጥ ይቆይ።
- ኦቨኑን በየ5 ደቂቃው መክፈት። ሙቀቱ በወጣ ቁጥር ሰዓቱ ይረዝማል።
- ከካርቶኑ የመጣውን ሁሉ በአንድ ትሪ መጨረስ። ሦስት ዓይነት አትክልት ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ሁሉም አንድ ጣዕም ይሆናል።
- ካልጣመ በርበሬ ማብዛት። ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨው ነው።

የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት። ወተት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ 3 ቀን ይቆያል። ስታሞቁት ሙሉውን ትሪ ከመመለስ የሚበላውን ያህል በቀዝቃዛው ቁረጡ። ቀዝቃዛው ሳይፈርስ ይቆረጣል። መጥበሻ ላይ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በዝግታ እሳት አስቀምጡት። 5 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት፣ ከሥሩ ቀይ ቅርፊት ከያዘ በኋላ ብቻ ገልብጡት፤ ቀድማችሁ ከነካችሁት ድንቹ መጥበሻው ላይ ይቀራል።